የ«በ» ሳምንት

ፊደል የቆጠርኩት አባቴ እግር ስር ተቀምጬ ነው። ቤታችን ታች ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ። አባቴ በልጅነቱ እዚያው ጋይንት ወዳለው ቤተ ልሔም ደብር ሄዶ ጥቂት ዓመት የቆሎ ተማሪ ሆኖ ነበር። አባቱ ሲሞትበት ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻው ተመለሰ። የቀሰመው ብዙ አይደለም፤ ያለችውን ግን ለእኔ ሊያወርሰኝ ይፈልግ ነበር። ጠዋት በሬዎቹን ሳይጠምድ ደጃፍ ላይ ያስቀምጠኝና በስንደዶ ጫፍ ፊደሉን እየነካ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ያስብለኛል። ድምፄ መልካም ስለነበር ዜማውን በአንድ ወር ያዝኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ይጠራኛል፤ እኔም እጄን አጣምሬ ከዳር እስከ ዳር አወርደዋለሁ።

አንድ ቀን አጎቴ ለበዓል ከእስቴ መጣ። እንደ ልማዴ ፊደሉን አወረድኩለት። እሱም መረቀኝና ስንደዶዋን ከአባቴ እጅ ተቀብሎ ከመካከል አንዷን ፊደል ነካ። «ይህችስ ማን ናት?» አለኝ። አላወቅኋትም። ከንፈሬን ሳላላቅቅ በሆዴ ከሀ ጀመርኩ፤ በዜማው እየቆጠርኩ እስክደርስባት ድረስ አጎቴ ሁለቴ አዛጋ። ኋላ መለስኩ፤ አጎቴም ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። የያዝኩት ዜማውን እንጂ ፊደሉን እንዳልነበረ የገባን ያን ጊዜ ነው፤ ለእሱም ለእኔም።

መምህርት ሆኜ መጀመሪያ ክፍል የገባሁ ቀን ትዝ ያለኝ ይኸው ነበር።

ኮሌጅ ስጨርስ ስማዳ ተመደብኩ። ትምህርት ቤቱ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ፍራሼንና ሻንጣዬን አህያ ተሸክሞልኝ፣ እኔ ከኋላ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትኩ ደረስኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ርእሰ መምህሩ መልካም ሰው ናቸው፤ ሻይ አስቀርበው ካጫወቱኝ በኋላ የኦ ክፍልን እንደምይዝ ነገሩኝ። ኦ ክፍል ማለት አንደኛ ክፍል ያልደረሱ ሕፃናት የሚውሉበት ነው። ሴት ስለሆንሽ ይለምዱሻል አሉኝ። ምን ላስተምራቸው ብዬ ብጠይቅ፣ ዋናው ነገር ሳያለቅሱ መዋላቸው ነው ብለው መለሱልኝ።

ክፍሉ ቀድሞ የተሰባበረ ዴስክ የሚከማችበት ቤት ነበር። መስኮቱ አንድ ነው፤ መቀመጫው ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። የልጆቹ እናቶች አንድ ቅዳሜ መጥተው ወለሉን በእበት ለቀለቁልኝ። አርባ የሚደርሱ ልጆች ነበሩኝ። «ቲቸር» ይሉኛል፤ ያችን ቃል ከታላላቆቻቸው ሰምተው ነው የመጡት፤ አንዳንዶቹ ስሜ መስላቸው ነበር።

አብዛኞቹ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ስር የኔታ ዘንድ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። የኔታ በዚያ ቀበሌ አርባ ዓመት ያስተማሩ፣ ካህናቱም ዳኞቹም በእሳቸው እጅ ያለፉ ትልቅ ሰው ናቸው። ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን የፊደል ገበታ አይተው ያለ ማንም ጠያቂ ዜማውን ያወርዱታል። ደስ ይላል። እኔ ግን ከመካከል አንዷን ፊደል ስነካባቸው፣ አርባውም ከንፈር ዝም ብሎ ከሀ ይጀምራል። ራሴን አርባ ቦታ ተቀምጬ ያየሁት መሰለኝ።

እስከ ጥቅምት በገበታው ታገልኩ። ኅዳር ሲገባ፣ ገብስ ታጭዶ ልጆቹ ከአውድማው ገለባ በፀጉራቸው ይዘው በሚመጡበት ሰሞን፣ ገበታውን ከግድግዳው አወረድኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ በአንዲት ፊደል ብቻ ላጫውታቸው ብዬ ወሰንኩ። የመረጥኩት «በ»ን ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ በ በር ትመስላለች፤ ሁለት እግርና ጉበን አላት። በርም በበ ይጀምራል።

ሰኞ ዕለት ሁለት ልጆች ፊት ለፊት አቆምኩና እጃቸውን አንዳቸው በሌላው ትከሻ ላይ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። «ይህች በ ናት፤ በር ናት» አልኳቸው። ሌሎቹ ጎንበስ እያሉ በመካከላቸው ያልፋሉ። የሚያልፍ ሁሉ «በ» ካላለ በሩ አይከፈትለትም። ግጥምም አወጣሁላቸው፤

በ በር ናት፣
እግሯ ሁለት ናት፣
ጎንበስ በሉና ግቡባት።

ግጥም መባል ይበዛበታል። እነሱ ግን ወደዱት፤ ለእረፍት ሲወጡ የአንደኛ ክፍል ልጆችን በግድ ያሳልፏቸው ጀመር። ማክሰኞ ጭቃ አቡክተን በ ሠራን፤ ፀሐይ ላይ ደርድረናት ውለን ማታ ግማሿን ዶሮ ረገጣት። «ቡ»ን ለማሳየት በርነቱን የያዘው ልጅ አንድ እጁን ወገቡ ላይ እንዲያደርግ፣ «ባ»ን ለማሳየት አንድ እግሩን እንዲዘረጋ ነገርኩ። ሲሳሳቁ በሩ ይፈርሳል፤ እንደገና እንሠራዋለን።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ልጅ መናገር አለብኝ።

ስድስት ዓመት ሳይሞላት አልቀረም። መስከረም ላይ እናቷ እጇን ይዛ ስታመጣት፣ ልጄ አትናገርም፣ ስትጠራም ደስ ካላት እንጂ አትመጣም፣ ከቤት ብቻዋን ከምትውል ከልጆች ጋር ትዋልልኝ ብላ ለመነችኝ። ግትር ናት አለችኝ፤ አባቷን መስላ። አባቷ ሞቷል። ልጅቱ በየቀኑ ከሁሉ ቀድማ ትመጣና ፊት ያለው ግንድ ላይ፣ ከእኔ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ዓይኗን ከፊቴ አትነቅልም። ሌሎቹ ሲጫወቱ እሷም ትጫወታለች፤ ብቻ ሁልጊዜ ከሰው አንድ እርምጃ ዘግይታ። ሲስቁ አይታ ትስቃለች፣ ሲነሡ አይታ ትነሣለች። እኔ ፈዛዛ ናት ብዬ ነበር ያለፍኩት።

ረቡዕ ዕለት ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ፊቴን ሳላዞር ጠራኋት። ነይና በሩን ሁኚልን አልኳት። አልመጣችም። ደግሜ ጠራሁ፤ ሦስተኛም ጠራሁ። ልጆቹ ማየት ጀመሩ። በዚያ ቀን ቤት የቀረ አሳሳቢ ነገር ነበረብኝ መሰል፣ ወይም ወጣትነት ይሁን እንጃ፣ ቁጣዬ ቶሎ መጣ። ዞሬ «እምቢ ነው?» አልኳት። አየችኝ። ክንዷን ይዤ ወስጄ ግድግዳው ጥግ አቆምኳትና ሌሎቹ ሲጫወቱ ቆማ እንድታይ አደረግኋት።

አላለቀሰችም። የቀሚሷን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ልጆቹ በበሩ ሲያልፉ አንድ በአንድ ትከታተላለች። በእያንዳንዱ ልጅ ከንፈሯ ይገጥምና ይከፈታል፤ ድምፅ ግን የለውም። ይህን አይቻለሁ። አይቼ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፣ ብዙም ተሳስቻለሁ፤ እንደዚያች ጥግ የሚቆጠቁጠኝ የለም።

ለሐሙስ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ በበ የሚጀምር ነገር ይዞ እንዲመጣ አዝዤ ነበር። ሐሙስ ጠዋት አመዳዩ ከሣሩ ሳይለቅ ልጆቹ ደረሱ። በሶ በጨርቅ ቋጥሮ የመጣ አለ፤ በርበሬ ይዛ መጥታ እጇን ዓይኗ ውስጥ ከታ ያለቀሰች አለች። በትር ያመጡ ብዙ ናቸው። አንዷ ባዶ እጇን መጥታ፣ ምን አመጣሽ ስላት፣ ባዶ አለችኝ። አጨበጨብንላት።

ከዚያ መንታዎቹ መጡ። ወንድምና እህት ናቸው። ወንድሙ ከፊት በገመድ እየጎተተ፣ እህቱ ከኋላ እየገፋች፣ አንድ ሙክት በግ ይዘው በሩን ሞልተው ቆሙ።

መልሱት አለማለቴ ዛሬም ይገርመኛል። ያን ዕለት ከልጆቹ ጋር ወለሉ ላይ ባቄላ እየደረደርን ትልቅ በ ሠርተን ነበር፤ ርዝመቷ የእኔን ቁመት ታህላለች። በጉ እንደገባ አንገቱን ደፋ። ማንም ሳይደርስበት ከግራ እግሯ ጀምሮ ወደ ላይ በላት። ጉበኗ ላይ ሲደርስ ልጆቹ ከመደንገጥ ወጥተው «በጉ በን በላ፣ በጉ በን በላ» እያሉ ክፍሉን አናጉት። መንታዎቹ ገመዱን ይስባሉ፣ እኔ በጉን በቀንዱ ይዤ ወደ ውጭ እጎትታለሁ። የመንታዎቹ እናት በዚያው ሰዓት በግ ጠፋብኝ ብላ ስትሮጥ ደረሰች። ደጃፍ ቆማ ያየችውን አየችና እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

በጉ ከሄደ በኋላ ጠመኔ አነሣሁና ልጆቹ የሚሉትን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። በጉ በን በላ። በን ማን ያገኝልኛል አልኳቸው። አንድ ልጅ ተነሥቶ ሮጠና አንዷን ነካ። ሌላዋ ሁለተኛዋን፣ ሌላው ሦስተኛዋን። ከሀ የጀመረ አልነበረም። ከንፈሩን በዝምታ ያንቀሳቀሰ አልነበረም። እንደ ሰው ፊት አዩዋትና አወቋት።

ወሬው ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ አርብ ጠዋት የኔታ መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ብቻቸውን። ልጆቹ ብድግ አሉ፤ እኔም እጅ ነሥቼ በቆምኩበት ቀረሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ፊደሉን በግ በላው ይላሉ። አርባ ዓመት ሳስቆጥር በግ የሚበላው ፊደል አላጋጠመኝም።»

ይስቁ ይቆጡ ፊታቸው አይለይም። እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ከኋላ ካለው ወንበር ይልቅ ወደ ፊት መጥተው፣ ጎን ላይ፣ የእኔንም የልጆቹንም ፊት በሚያዩበት ግንድ ላይ ተቀመጡ። የቀረልኝ መጫወት ብቻ ነበር። የዕለቱ ጨዋታ የላባ ጨዋታ ነው። ልጁ የዶሮ ላባ ከከንፈሩ ፊት ይዞ «በ» ይላል፤ ላባዋ ስትንቀሳቀስ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ላባዋን ለመጀመሪያው ልጅ ሰጥቼ አስጀመርኩ። ላባዋ በየተራ ዞረች። ያች ጥግ ያቆምኳት ልጅ ጋ ስትደርስ ከንፈሯን ገጠመችና ከፈተች፤ ላባዋ በትንሹ ተወዛወዘች፤ ድምፅ አልነበረም። እኔ እንደ ልማዴ አልፌ ወደሚቀጥለው ዞርኩ።

በዚህ መካከል የኔታ ተነሡ። ቀስ ብለው ከልጆቹ ኋላ ሄዱና መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ባዶ የእንጨት ሳጥን ላይ ለቀቁት። ልጆቹ ዘለሉ፤ እኔም ዘለልኩ። አንዲት ልጅ ብቻ አልዞረችም። ላባዋ አሁን ማን ጋ እንደደረሰች እያየች ነበር።

የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው ተመለሱና ልጆቹን ለእረፍት እንድለቃቸው ጠየቁኝ። እሷን ግን አስቀሯት። ከፊቷ በርከክ ብለው ያለ ድምፅ ከንፈራቸውን ገጠሙና ከፈቱ። እሷም እንደሳቸው አደረገች። እጇን ይዘው ጉሮሯቸው ላይ አሳረፉትና አሁን በድምፅ «በ» አሉ። ልጅቱ እጇን በድንገት ሰበሰበች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«ይህች ልጅ አትሰማም» አሉኝ።

እንዴት አወቁ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔም ስለማልሰማ።»

መጀመሪያ ምሳሌ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ግንዱ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ከመጀመሪያው አወጉኝ። ጆሯቸው ከደከመ ብዙ ክረምት ሆኖታል። በመጀመሪያ የወፎች ድምፅ ጠፋቸው፤ ኋላ የሴቶችና የልጆች ድምፅ ሄደ። የሚያስተምሩትን መጽሐፍ በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ ተማሪው ሲያነብ ከንፈሩን እያዩ ሲሳሳት ያርሙታል። ማንም አልነቃባቸውም። ሰው ከጎናቸው ሲያወራቸው መልስ ካልሰጡ ጸሎት ላይ ናቸው ይላል። አስቸጋሪዎቹ «በ» እና «መ» ናቸው አሉኝ፤ ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ ሰው «በላ» ይበል «መላ» ይበል ዓይን አይለየውም፤ ከነገሩ ነው የሚያውቁት። ሰው ካወቀ የመምህርነት ወንበሬን ያነሡብኛል ብለው ፈርተው ለማንም ተናግረው አያውቁም።

«የመጣሁት ልቆጣሽ ነበር» አሉኝ። «ከንፈሯን ሳይ ራሴን አየሁ።»

ጥግ ያቆምኳት ቀን ፊቴ መጣ። ለየኔታ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። አሁን ለእናቷ ማን ይነግራታል የሚለውን እናስብ አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ እናቷን ጠርተን አስቀመጥናት። እኔ ጀመርኩ። እናትየው አልተቀበለችኝም። ልጄ ትሰማለች አለችኝ፤ በር ሲዘጋ ትዞራለች፣ ጥጃ ስታገሣ ትዞራለች፣ ስትጠራ ግን አሻፈረኝ ትላለች። ሁለት ዓመት ጠበል አመላልሻታለሁ፣ ግትርነት እንጂ ሌላ አይደለም አለች። ስለ ግትርነቷ ስንት ጊዜ እንደመታቻት እያሰበች እንደነበረ ኋላ ላይ ራሷ ነግራኛለች።

የኔታ እስክትጨርስ ጠበቁ። በአጠገባችን ሁለት ቄሶችና የሰንበቴ ሰዎች ቆመው ነበር፤ የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉም።

«እኔም እንደሷ ነኝ» አሏት። «አንቺ አሁን የተናገርሽውን ያወቅሁት ከንፈርሽን አይቼ ነው። ፊትሽን ብታዞሪ ኖሮ አንዲትም ቃል አላገኝም ነበር።»

እናትየው ለማመን አቅቷት፣ አንቱ የኔታ፣ ያሾፉብኛል አለች። እሳቸውም ዞረው ጀርባቸውን ሰጧትና የፈለግሽውን ተናገሪ አሏት። ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለች። ዞረው ምንም አልደረሰኝም አሏት። ያለችውን እኔ ሰምቻለሁ። ልጄን በደልኳት ነበር ያለችው።

የኔታን ይህ ነገር ብዙ አስከፍሏቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት አባቶች፣ የማይሰማ መምህር ምን ያስተምራል ብለው ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ደብር ወሰዱ። የቀሩት አልሄዱም። የቀሩት ልጆች ከዚያ ወዲህ ከወይራው ስር ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ትተው ፊት ለፊታቸው በግማሽ ክብ መቀመጥ ጀመሩ። ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም። የኔታም በየሳምንቱ አርብ አርብ እኔ ክፍል ይመጡ ነበር። ከመጽሐፍ ዳር ከተረፈ ብራና ቁራጭ እየቆረጡ፣ በየቁራጩ አንዳንድ ፊደል በቀለማቸው አሳምረው ጽፈው ያመጡልኛል። በገመድ ላይ ሰቅለናቸው ነፋስ ሲያወዛውዛቸው ልጆቹ ዘለው የነኳትን ፊደል ይጠራሉ። «ቤ»ን ቀለበት ያጠለቀች ሙሽራ ብለው ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ያን ሰሞን ጨዋታችን ተቀየረ። ሁሉም ልጅ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አንዱ የሌላውን ጉሮሮ ይዞ «በ» ይላል። ከዚያ «መ» ይላል፤ መ ሲባል አፍንጫ ይርገበገባልና ጣታቸውን አፍንጫ ላይ ያደርጋሉ። ለአርባዎቹ ሳቅ ነው። ለአንዷ ግን ሥራ ነበር። በየቀኑ እጇን ጉሮሮዬ ላይ አድርጋ፣ ሌላውን እጇን ራሷ ጉሮሮ ላይ አድርጋ፣ ትሞክራለች። ትንፋሽ ይወጣል፤ የእኔ ጉሮሮ የሚያደርገውን የእሷ ጉሮሮ አያደርገውም። ፊቷ በላብ ይርሳል። እኔ ሲደክመኝ እሷ እጄን ጎትታ መልሳ ታስቀምጠኛለች። ግትር ናት ያለችው እናቷ እውነቷን ነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ መውጫ ሰዓት ደርሶ ልጆቹ በር ላይ ሲጋፉ፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሻካራና ከፍ ያለ ድምፅ ነው፤ በደረቅ ማጠፊያ ላይ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት። ልጆቹ መጋፋታቸውን ተዉ። ከመንታዎቹ እህትየው ዞር አለችና፣ «ቲቸር፣ እሷ ናት» አለችኝ። ልጅቱ እጇን ጉሮሮዋ ላይ እንዳደረገች ቆማለች። ራሷም የደነገጠች ትመስላለች። እንደገና አለች። «በ» ነበር። የሳቀ ልጅ አልነበረም፤ እንዲስቁ እንኳ ጊዜ አልሰጣቸውም መሰለኝ፤ ተሻምተው ጉሮሮዋን ለመያዝ ሮጡ።

እናቷ ልትወስዳት መጥታ አጥሩ ዘንድ ቆማ ነበር። ሰምታለች። ቀስ ብላ መጣችና በነጠላዋ የልጇን ላብ ጠረገች፣ ከዚያ የራሷን ፊት ጠረገች። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ «ሌሎቹንስ?» አለችኝ። ሁለት መቶ ያህል ፊደል ይቀሯት እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁሉንም አልደረስንባቸውም። በድምፅ ያወጣቻቸው ጥቂት ናቸው። በዓይኗ ግን እስከ ሰኔ ድረስ ሁሉንም ለየች፤ ከክፍሉ ማንም አልቀደማትም፤ ዜማውን ሰምታ ስለማታውቅ በዜማው የምትደበቅበት ነገር አልነበራትም። ክረምት ላይ እናቷ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰደቻት። አንደኛው ጆሮዋ ጥቂት እንደሚሰማ፣ ሌላው ምንም እንደማይሰማ ተነገራት፤ መሣሪያ ያስፈልጋታል ተባለ፤ መሣሪያው ግን አልተገኘም። በሁለተኛው ዓመት፣ እስቴ ከተማ የምትኖር አክስቷ፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በእጅ ምልክት የሚያስተምር ክፍል እዚያው መከፈቱን ሰምታ ሰው ልካ ወሰደቻት። የሄደችበት ቀን እኔ ወገዳ ለስብሰባ ተጠርቼ ስለነበር አልተሰናበትኳትም።

እኔ ሌላ ሦስት ዓመት እዚያው ቆይቼ ወደ ታች ጋይንት ተዛወርኩ፤ አባቴ አርጅቶ ነበር። አሁን የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሕፃናቱ ክፍል ቆርቆሮ ጣሪያና ሁለት መስኮት አለው። ከመንግሥት የመጣ የፕላስቲክ ፊደል በሳጥን አለን፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸው ይጫወቱበታል። አንዳንድ ቀን የጭቃው ሽታ ይናፍቀኛል። የዚያ ክፍል ቅዝቃዜ፣ ጠዋት በአንዷ መስኮት የሚገባው ቀጭን ፀሐይ፣ ልጆቹ እሱን ተሻምተው አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው መቀመጣቸው ይናፍቀኛል። ያን ጊዜ ችግር ነው ብዬ ለአባቴ በስልክ አማርር ነበር።

የኔታ ያረፉት ከስማዳ ከወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ለተዝካራቸው ሄጄ ነበር። ሰዉ ብዙ ነበር።

ባለፈው ጥር፣ ለጥምቀት ሰሞን፣ እስቴ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ወጣት ትከሻዬን ነካች። ረጅም ናት፤ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች። ከጎኗ ሌላ ልጅ አለች፤ ሁለቱ በእጃቸው በፍጥነት ይነጋገራሉ። ያወቅኋት በዓይኗ ነው፤ ፊቴ ላይ ሲያርፍ እንደዚያን ጊዜው ነው። አቀፈችኝ። እኔ የእጅ ቋንቋ አላውቅም። እሷ ስልኳን አወጣችና የመጻፊያውን ገጽ ከፍታ ሰጠችኝ።

ቸኩዬ እየጻፍኩ ስለ ትምህርቷ ጠየቅኋት። ስልኩን ተቀብላ አነበበችና ፈገግ አለች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ጣቷን ወደ እኔ ጽሑፍ መለሰች። «ትምርት» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ በመካከሉ የጎደለችውን ህ አስገባችልኝ። ከዚያ ስር፣ ዘጠነኛ ክፍል እንደሆነች፣ ከክፍሏ ሦስተኛ እንደወጣች፣ እናቷም ደህና እንደሆነችና አሁን አብራት እስቴ እንደምትኖር ጻፈች። ጓደኛዋ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ረዳቱ የጋይንት ተሳፋሪ እያለ መጣራት ጀመረ። ሻንጣዬን ተቀብላ እስከ አውቶቡሱ ደረጃ ድረስ ሸኘችኝ፤ መስኮቱ አጠገብ መቀመጫ ይዤ ስዞር፣ ከጓደኛዋ ጋር ወሬዋን ጀምራ ነበር።